የአካል ጉዳተኛው መታጠቢያ ቤት፤ ከዘነበወርቅ እስከ ሻኪሶ

በአገራችን የሕንፃ ሥራ ዝርዝር ውስጥ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ዕቃዎች ዘወትር የሚገኙት በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። መሠረቱ፣ ኮንክሪቱ፣ ብሎኬቱና ጣሪያው ተዘርዝሮ ካለቀ በኋላ፣ አንባቢው በደከመበትና በጀቱም በሳሳበት ሰዓት፣ መቀመጫው በቁጥር፣ ቧንቧው በሜትር ተጽፎ ይታለፋል። አካል ጉዳተኛ የሚደገፍበት እጀታማ ከዚያም ወዲያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ አይጻፍም። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አካል ጉዳተኞች መኖሪያ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ሰፊውን ርእስ ትቼ ይህችን ጠባብ ክፍል የመረጥኩት ስለዚህ ነው። ሰው በቀን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብቻውን ሊሆን የሚወድባት፣ ጉልበት ያጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ሆኖ የሚገኝባት ክፍል እርሷ ናትና።

ታሪኩ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛው በመጀመሪያ ሐኪም ቤት አገኘ፤ ቀጥሎ የተሐድሶና የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም ሕግ አገኘ። መታጠቢያ ቤቱ ግን የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። በመጣም ጊዜ ልኩና ሥዕሉ ከውጭ አገር ሲገባ፣ ዕቃውን የሚሸከመው ግድግዳ አብሮ አልታሰበም። በእኔ አስተያየት የሙያችን ዋና ጉድለት ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም በይበልጥ የሚታየው በአዲስ አበባ ሳይሆን እንደ ሻኪሶ ባሉ ሩቅ ከተሞች ነው።

የቧንቧ ውሃ ነገር በመዲናችን የተጀመረው በ1880ዎቹ፣ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቱቦ ባመጣበት ጊዜ እንደሆነ የታወቀ ነው። የመጸዳጃ ቤት ታሪክ ግን የውሃውን ያህል አልተጻፈለትም። በከተማም ሆነ በገጠር የተስፋፋው የጉድጓድ መጸዳጃ ሲሆን፣ ይኸውም በእንጨት ርብራብ ወይም በኮንክሪት ወለል ላይ የተተወ ቀዳዳና ለሁለት እግር የሚሆን ቦታ ነው። ቆይቶ በየሆቴሉና በየትምህርት ቤቱ የገባው ቁጢጥ የሚባልበት የሸክላ ገበታም መልኩ አማረ እንጂ አሳቡ ያው ነው። የቧንቧ ሠራተኞቻችን ዛሬም ክርኑን «ጎሚቶ» ማለታቸው የሙያው ቃላት በምን መንገድ እንደገቡ ያሳያል፤ ዕቃውም ከቃሉ ጋር አብሮ ገብቷል።

ቁጢጥ ማለት ለጤነኛ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለመሐንዲስ ግን እንዲህ ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ሁለቱም ጉልበቶች እስከ መጨረሻው መታጠፍ፣ ቁርጭምጭሚት መተጣጠፍ፣ የሰውነት ሚዛንም ያለ ድጋፍ መጠበቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሰው፣ በፖሊዮ እግሩ የከሳም ሆነ በጦርነት እግሩ የተቆረጠ፣ የሸመገለም ሆነ ነፍሰ ጡር፣ በዚያ ወለል ላይ ቦታ የለውም። በጉልበቱና በእጁ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላው በእግሩ በረገጠው እርጥብ ወለል ላይ መዳፉን አሳርፎ መግባት ግድ ይሆንበታል። ይህን ነገር አንባቢው ለአንድ አፍታ ቆም ብሎ እንዲያስበው እለምናለሁ።

በአካል ጉዳትና በቤት ዕቃ መካከል ስላለው ግንኙነት ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የተገኘው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በ1920ዎቹ ከአዲስ አበባ ዳር የተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሕሙማን መጠለያ ነበር። ሕሙማኑ ከዳኑም በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ እያስፈራቸው በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ስለተቀመጡ፣ ሆስፒታሉ በጊዜ ብዛት ራሱን የቻለ ሰፈር ወለደ። እንግዲህ ማንም በፕላን ሳያወጣው፣ ያለ መሐንዲስም ሆነ ያለ በጀት፣ በአገራችን ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ትልቅ መንደር የተቆረቆረው በዚህ አኳኋን ነው ማለት ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ላይ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ሁላችንም «አለርት» የምንለው፣ ተቋቋመ።

አለርት እንዲቋቋም ከመከሩት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበሩ። እኒህ ሰው በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣቶቹን የሚያጣው ሥጋው በደዌው ስለሚበሰብስ ሳይሆን፣ ነርቩ ደንዝዞ ሕመም ስለማይሰማው በየቀኑ ሳያውቀው ራሱን ስለሚያቆስልና ስለሚያቃጥል መሆኑን አስረዱ። ይህ ግኝት የሐኪሞች ቢሆንም፣ በውስጡ ለእኛ የቀረ የቤት ሥራ አለ። በሽተኛውን የሚያቆስለው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በአመዛኙ የቤት ዕቃ ነውና፤ የጋለ ድስት፣ የጋለ የውሃ ቱቦ፣ ሹል ጠርዝ ያለው የቧንቧ መክፈቻ፣ ሻካራ ወለል።

በተራ ቤት የሚገጠመውን ትንሽ ክብ የቧንቧ መክፈቻ እንውሰድ። እርሱን ለማዞር አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተጋጥመው መቆንጠጥና መጠምዘዝ አለባቸው። የክንዱ ነርቭ የተጎዳበት ሰው ጣቶቹ እንደ ጥፍር ስለሚታጠፉ መቆንጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ በመዳፉ ጠርዝ አስጨንቆ ይገፋዋል። ሕመም ስለማይሰማውም ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ይጭናል፤ ቆዳውም ይላጣል። ከዚህ ይልቅ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምናውቀው፣ በክርን የሚገፋው ረጅም እጀታ ያለው ቧንቧ ቢገጠም፣ ጣትም ቁንጠጣም አያስፈልገውም። እጀታው በረዘመ መጠን የሚያስፈልገው ኃይል እንደሚቀንስ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያሻኝም። የሙቅ ውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጤነኛ ሰው እጁን ሲሰበስብ፣ የደነዘዘው ግን ፋሻ እስኪያስፈልገው ድረስ አያውቀውም።

የወለሉ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በክራንች የሚሄድ ሰው የማያንሸራትት፣ ሸካራ ያለ ወለል ይፈልጋል፤ እግሩ የደነዘዘው ሰው ግን በሻካራ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ሲራመድ ይቆስላል። ሁለቱ በአንድ መንደር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰውነት ላይ ይገናኛሉ። ከውጭ በመጡ የደረጃ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ሁለቱን አስታርቆ የሚናገር ብዙም አናገኝም፤ መጻሕፍቱ ሲጻፉ የታሰበው ሌላ ዓይነት ጉዳተኛ ነበርና። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔም እንደዚሁ ነው። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ የሕክምናው ዋና ክፍል በመሆኑ፣ ለዚህ በሽተኛ ዝቅ ያለ የእግር ማጠቢያና ከአጠገቡ የሚቀመጥበት ነገር እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው።

ከሥጋ ደዌው ሌላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1948 በአገሩ የጀመረው የአካል ጉዳተኞች ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ዘልቆ፣ በመናገሻ በፖሊዮ ለተጎዱ ልጆች ማገገሚያ ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ በደብረ ዘይት የጦር አካል ጉዳተኞች የሚኖሩበት የጀግኖች አምባ ተቋቋመ። በሁለቱም ሰዎች አብረው የሚኖሩ፣ ረዳትም የነበራቸው በመሆኑ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጥያቄ በሰው ጉልበት ሊሸፈን ይችል ነበር። ጥያቄው የሚፈጠጠው ልጁ ወይም ወታደሩ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞችን ተሐድሶ የሚመራ ድርጅት ሲያቋቁም፣ ጉዳተኛ ማለት በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችልና የሚረዳው የሌለው ሰው ነው ብሎ ተረጎመ። ልጅነት ወይም እርጅና ሠርቶ እንዳይበላ ያደረገውንም ጨመረበት። ትርጉሙ የዘመኑን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። ሰውየው የሚለካው በእንጀራው ነው። ስለሆነም የታሰበለት የእጅ ሥራና ከልመና መውጫ መንገድ ሲሆን፣ ሠርቶ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እንዴት ይታጠባል የሚለው ከትእዛዙ ዓላማ ውጭ ቀረ። ለዚህ ጸሐፊዎቹን ብዙም አልወቅስም፤ በሌላውም ዓለም ነገሩ ገና እየተጀመረ ነበር።

በሌላው ዓለም የተጀመረው እንዲህ ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ጉዳተኞችና በፖሊዮ የተመቱ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ በገቡ ጊዜ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቲሞቲ ኑጀንት በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ተማሪዎች ሕንፃው እንዴት መሠራት እንዳለበት በሥራ ላይ እያዩ መረመሩ። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያው የአሜሪካ ደረጃ ወጣ፤ ሙሉው ስድስት ገጽ ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሴልዊን ጎልድስሚዝ የተባለው አርክቴክት፣ እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 በፖሊዮ የተመታ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሠራ ሕንፃ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ወደ ኖሪች ከተማ ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖሩ ሰዎችን በየቤታቸው እየዞረ ጠየቀ። ከነገሩት ችግሮች ዋናው ከቤት ሲወጡ የሚገቡበት መጸዳጃ ማጣታቸው ነበር። ሰውን ሳይጠይቁ ለሰው ቤት የመሥራት ልማድ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከእነዚህ ጥናቶች የተገኙት ልኮች ቆይተው ከአገር አገር በትንሽ በትንሹ እየተለያዩ ዓለምን አዳረሱ። በአሜሪካው ደረጃ መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የድጋፍ እጀታው ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ላይ ይታሰራል፤ ክብ ውፍረቱ ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳው ያለው ክፍተት 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክፍተቱ ጠባብ የሆነበት ምክንያት ሰው ሲወድቅ ክንዱ ሾልኮ ገብቶ እንዳይሰበር ነው። እጀታው 250 ፓውንድ፣ ማለትም 1.1 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ በማንኛውም አቅጣጫ መሸከም አለበት። ልኮቹ ጥሩ ናቸው፤ በሥራ ላይ ተፈትነዋል። ነገር ግን በውስጣቸው ያልተጻፈ አንድ ሁኔታ አለ፤ ግድግዳው ጽኑ ነው፣ ውሃውም በቧንቧ ውስጥ ዘወትር አለ ተብሎ ነው የተነሡት።

በአገራችን ሕጉ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ አዘዘ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ስለ መግቢያውና ስለ መጸዳጃው በግልጽ ደነገገ። መጸዳጃ በሚያስፈልገው ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚመችና ሊደርሱበት የሚችሉት በቂ ቁጥር ያለው እንዲኖር አለ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ይሁን እንጂ የ2001 ዓ.ም. አዋጅ በዋናነት የተጻፈው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ሲሆን፣ መንፈሱም የሕዝብ ሕንፃ ነው። በጭቃ ግድግዳ ቤት ውስጥ የምትኖረው ጉዳተኛ ከአዋጁ ያገኘችው ነገር ቢኖር ወደ መሥሪያ ቤት በሄደች ቀን የምትገባበት ክፍል ነው።

የሕዝብ ሕንፃውስ ቢሆን? ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የደቡብ ከተማ ሕንፃ ውስጥ በሥራ ምክንያት በገባሁ ጊዜ፣ በሩ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ አየሁ። መቀመጫው በልኩ ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ከእጀታው የቀረው አራት ቀዳዳና በየቀዳዳው የተገነጠለ ፕላስቲክ ነበር። ማን ተደግፎበት ሳለ እንደተነቀለ አልጠየቅሁም፤ ያ ሰው ምን እንደደረሰበትም የሚነግረኝ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማወቅ ግን ምርመራ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ይናገራል። ከመቀመጫው ጎን ለጎን የሚዘረጋውንና ወደ ላይ የሚታጠፈውን፣ ከግድግዳው 75 ሴንቲ ሜትር ወጣ የሚለውን እጀታ እንውሰድ። ሰውየው በጫፉ ላይ 1.1 ኪሎ ኒውተን ቢጭንበት፣ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ሞመንት 0.83 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የላይኛውና የታችኛው ቡሎኖች በ10 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ላይኞቹ ሁለቱ በጠቅላላው ከ8 ኪሎ ኒውተን በላይ፣ እያንዳንዳቸው ከ4 ኪሎ ኒውተን በላይ ይሳባሉ። አሁን ግድግዳውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2004 አካባቢ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ የግድግዳው ዋና ዕቃ ውስጡ ባዶ የሆነው ብሎኬት ነው። የብሎኬቱ ገጽ ውፍረት ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው አየር ነው። ፊሸሩ ገብቶ የሚይዘው በዚያች ስስ ገጽ ላይ ነው። በእጅ ቢነቀነቅ ጽኑ ይመስላል፤ ርክክቡም በዚያው ይፈጸማል። ከዓመት በኋላ ግን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ገጹም ይፈነክታል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ጊዜውን ጠብቆ መደረግ አለበት እንጂ። እጀታው የሚውልበት ቦታ ብሎኬቱ በሚደረደርበት ቀን ታውቆ፣ የዚያ ረድፍ ባዶ ክፍሎች በኮንክሪትና በአንድ አንድ ፌሮ ቢሞሉ፣ ቡሎኑ የሚይዘው ጽኑ ነገር ያገኛል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ከሆነ ቡሎኑን ግድግዳውን አሳልፎ በማዶ በኩል በላሜራ ማሰር ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች የምድር ቤት እንዲደርሳቸው መደረጉ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ሰውየው ያለ ደረጃ ወደ ሳሎኑ ከገባ በኋላ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር 70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወንበሩ አልገባም ሲለው፣ ገብቶም የሚጨብጠው ሲያጣ፣ የምድር ቤት ማግኘቱ እኩሌታ ጥቅም ሆኖ ይቀራል። በር ማስፋትና ብሎኬት መሙላት በሥዕል ላይ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰው ከገባበት በኋላ ግን ቤት ማፍረስ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሻኪሶ እንሂድ። ሻኪሶ በጉጂ ምድር፣ ከክብረ መንግሥት ወዲያ ያለች፣ ስሟ ከወርቅ ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። የአዶላ ወርቅ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ ሲወጣ ኖሯል። በለገ ደምቢ ከዐለቱ ውስጥ የሚወጣው ትልቅ የወርቅ ማዕድን ግን የተጀመረው ዘግይቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። በ2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ መታደሱ በተሰማ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ አሰማ። ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ውሃችንን በክሎ ከብቶቻችንን ጎዳ፤ ልጆችም ከነአካል ጉዳታቸው ይወለዳሉ የሚል አቤቱታ አቀረበ። በዚያው ዓመት በግንቦት ፈቃዱ ታገደ፤ ጥናትም ታዘዘ። በ2013 ዓ.ም. ማዕድኑ እንደገና ሥራ ጀመረ።

ስለ ምክንያቱ ያለውን ክርክር ለሕክምናና ለኬሚስትሪ ባለሙያዎች እተወዋለሁ፤ መሐንዲስ በማያውቀው ነገር ሲፈርድ ማየት ደስ አይልም። ነገር ግን ክርክሩ ባለበት በዚያን ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር እንዳልተጠየቀ አስተውያለሁ። ምክንያቱ ይህ ሆነ ያ፣ መቆም የማይችል ልጅ ያድጋል። አራት ዓመት ሲሆነው እናቱ አቅፋ ትወስደዋለች፤ አሥራ አራት ሲሆነው ግን ከጓሮ ካለው መጸዳጃ ድረስ በጀርባዋ መሸከም አትችልም። ካሣና ጥናት በሚጠየቅበት ስብሰባ ላይ ይህ ልጅ የት ይታጠባል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ መገኘት ነበረበት፤ ያ ባለሙያ ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ከእኛ መካከል ነው።

በሻኪሶና በዙሪያዋ ከልጆቹም ሌላ ጉዳተኛ አለ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚቆፍረው ወጣት ያለ ድጋፍ እንጨት ጠልቆ ሲገባ አፈሩ ይደረመስበታል። ከሞት ቢተርፍ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከወገቡ በታች ሊደነዝዝ ይችላል። ከዚህ ላይ የዘነበወርቅ ትምህርት ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሰው መቀመጫው ቢሰነጠቅ፣ የኮንክሪቱ ጠርዝ ቢቆረቁረው፣ ውሃው ቢያቃጥለው አይሰማውም። በሰውነቱ ላይ የሚወጣው የመቀመጫ ቁስል ከስብራቱ ይልቅ ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ ለእርሱ የሚሠራ መቀመጫ ጠርዙ የተድበለበለ፣ ገጹም የለሰለሰ መሆኑ የውበት ጉዳይ አይደለም።

የአካባቢው ቤት ግን አብዛኛው በቋሚ እንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ 8 ኪሎ ኒውተን የሚስብ ቡሎን ማሰር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የውጭውን ሥዕል ገልብጦ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ፣ ድጋፉን ከግድግዳ ወደ ወለል ማውረድ ይሻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብረት በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ አለ። ተራው ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ፣ ባለ 1 ኢንች የሚባለው፣ የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 1 ኢንች ተኩሉ ደግሞ 48 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም የእጅ ጭብጥ ይሆናሉ ተብሎ በደረጃው ከተጻፈው ልክ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ታስቦበት ሳይሆን እንዲያው የተገጣጠመ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተገጣጥሟል።

ባለ 1 ኢንች ተኩሉ ሁለት እግርና አንድ አግዳሚ ሆኖ፣ እንደ በር መቃን ተበይዶ፣ እግሮቹ በወለሉ ኮንክሪት ውስጥ ቢቀበሩ፣ 85 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 1.1 ኪሎ ኒውተን ወደ ጎን ቢገፋው ሁለቱ እግሮች ተካፍለው ይሸከሙታል። በብረቱ ላይ የሚደርሰው ውጥረት በካሬ ሚሊ ሜትር 100 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ይህም የተራው ብረት መታጠፊያ ልክ እኩሌታ ነው። አንድ እግር ብቻ ቢሆን ግን ከዳር ይደርሳል። ባለ 1 ኢንቹን ለእግር እንዳይጠቀሙበት አሳስባለሁ፤ እርሱ የሚሆነው በሁለት በኩል ለታሰረ አጭር አግዳሚ ነው። ብየዳው ዚንኩን ስለሚያቃጥለው ቦታው ተፍቆ በጸረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ፣ በሽንት ቤት እርጥበት ውስጥ መጀመሪያ የሚበላው ያ ነው። ከኮንክሪቱ የሚወጣበት አንገቱም እንዲሁ፤ ውሃ እንዳይተኛበት በዙሪያው ከፍ ብሎ መለሰን አለበት።

መቀመጫውን በተመለከተ፣ ውሃ በጄሪካን በሚገባበት ቤት በፍሳሽ ማጠቢያ ገንዳ የሚሠራ የሸክላ መቀመጫ ማስገባት ለስም ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። በጉድጓዱ ወለል ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት መቀመጫ በቅርጽ ተሞልቶ፣ ላዩ በስሚንቶ ተለስልሶ፣ ክዳን ቢበጅለት ለአሥራ አምስት ዓመት ጥገና አይፈልግም። በሐዋሳ የተተከለው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ የመጸዳጃና የመታጠቢያ ዕቃ በአገር ውስጥ እንዲመረት ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሸክላ ሲሰበር ስለቱ እንደ ምላጭ ነው፤ መቀመጫው ላይ ራሱን ለሚወረውር፣ ሕመምም ለማይሰማው ሰው፣ ኮንክሪቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ሥራውን አይተው የተለየ አሳብ ያላቸው ባልደረቦች በሚቀጥለው እትም ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።

የቀረው መታጠቢያው ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ለዚህ የሚሰጠው መልስ በግድግዳ ላይ የሚታጠፍ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ይኸውም ተመልሶ ቡሎን ነው። በእኛ አገር ግን ከጥንት ጀምሮ ያለ ቡሎን የቆመ መቀመጫ አለ፤ መደብ። እናቶቻችን በጭቃ ሠርተው የሚተኙበትና የሚቀመጡበት መደብ፣ በድንጋይና በስሚንቶ ቢሠራ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከተሽከርካሪ ወንበሩ መቀመጫ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሰውየው ሳይነሣ ተንሸራትቶ ይሻገራል። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ቢኖረው፣ መቀመጥ የማይችለው ልጅ ተጋድሞ ይታጠባል፤ እናቱም አጠገቡ በዱካ ላይ ተቀምጣ ያለ ማጎንበስ ትደርስበታለች። ላዩ ወደ ፍሳሹ በመቶ ሁለት ያህል ያዘነብላል፤ ጠርዞቹ ሁሉ በጣሳ ተድበልብለው ይለሰናሉ። ከአጠገቡ ያ ሁለት እግር ያለው የቧንቧ ድጋፍ ይቆማል። የጄሪካኑ ማስቀመጫ ከመደቡ ራስጌ በኩል 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሠራ፣ ከታች ትንሽ ቧንቧ ተገጥሞለት ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ማንም ጄሪካን አንስቶ ማፍሰስ አያስፈልገውም። የሞቀ ውሃም ከሆነ እዚያው ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ፣ የእናቲቱ እጅ ከለካው በኋላ ይወርዳል። ለመደቡ አንድ ኩንታል ስሚንቶ ይበቃዋል፤ ድንጋይና አሸዋ በአካባቢው አለ፤ የሁለት ቀን የግንበኛ ሥራ ነው።